ከቀለሙ በፊት ብረቱ ይታይ

በዚህ ሰሌዳ ላይ ብዙውን ጊዜ የምጽፈው ስለ ወርሃዊ መዋጮና ስለ ስብሰባ ነው። ዛሬ ግን ስለ አሮጌ መኪኖቻችን፣ በተለይም ስለ ቮልሶቻችን አንድ አስተያየት ላቅርብ።

ያ ሞተሩ ከኋላ የሆነው ክቡ ቮልስ መሠራቱ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ነው። ስለዚህ በየደጃችን የቆሙት ሁሉ ዕድሜ የጠገቡ ናቸው፤ ከአባት ለልጅ የተላለፉም አሉ። ታዲያ አንድ አባል መኪናውን ላድስ ብሎ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ቀለም ነው፤ ቀይ ይሁን፣ ሰማያዊ ይሁን እያለ። በእኔ በኩል ይህ ሥራውን ከጭራው መጀመር ነው እላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዝገት በቀለም አይሞትም። እርጥበትና አየር ካገኘ ከሥር ሆኖ ላሜራውን ይበላል። ዝገቱ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝም ቀለሙን እየገፋ ያሳብጠዋል። አንድ ክረምት ብቻ ያለፈበት ቀለም እንደሚንተከተክ ሽሮ አረፋ አውጥቶ የምናየው ለዚህ ነው።

ስቱኮም ቢሆን በራሱ ክፉ አይደለም። በጤነኛ ብረት ላይ በስሱ፣ ከ3 ሚሊ ሜትር ሳይበልጥ ቢቀባ ጎድጓዳውን ያስተካክላል። ቀዳዳ መድፈኛ ግን አይደለም፤ እርጥበት ይመጣል። የተበላው ላሜራ ተቆርጦ ይውጣና አዲስ ይበየድ። ከብየዳ በፊት የባትሪው ገመድ ይነቀል። የቮልስ ቤንዚን ታንከር ከፊት ኮፈኑ ሥር ስለሆነ በዚያ በኩል የሚበየድ ካለ ታንከሩ ይውረድ፤ እሳት ቀልድ አያውቅም።

ከሁሉ በላይ መታየት ያለበት ወለሉ ነው። የቮልስ አካል ከወለሉ ጋር በቡሎን የታሰረ ስለሆነ ሻንሲው እሱ ነው ማለት ነው። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ይቀመጣል፤ አሲዱ ሲፈስ ያንን ጥግ ይበላዋል። የፊት ወንበሮችም የተያዙት ከዚሁ ወለል ጋር ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ወለሉ ከበሰበሰ በአደጋ ጊዜ ሰውን ከነወንበሩ ማን ይይዘዋል? ቀለሙ ነው እንዴ?

አንዳንዶች «ለሽያጭ ነው፣ ይህን ሁሉ ወጪ ምን አመጣው» ይላሉ። የኑሮውን ነገር አውቃለሁ። ግን የሚገዛው ማነው? ጎረቤት ነው። እዚሁ ሰፈራችን ውስጥ፣ ስም መጥራት አያስፈልግም፣ አንዱ ለሌላው ላዩ የሚያብረቀርቅ መኪና ሸጠለት፤ ውስጡ ግን ውስጡን ለቄስ ነበር። ገዢው ምንጣፉን ሲያነሳ ያገኘው ጋዜጣ ተጠቅጥቆ ስቱኮ የተለሰነበት ቀዳዳ ነው። ሁለቱ ቤተሰቦች ይኸው እስከ ዛሬ በአንድ ድንኳን አይቀመጡም። የቀለም ትርፍ ይህን ያህል ያወጣል?

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። አንደኛ፣ በአባላት መካከል የሚሸጥ መኪና ምንጣፉ ተነሥቶ ወለሉ ይታይ። ገዢም ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ አካሉ ላይ ያስጠጋ፤ ስቱኮው የወፈረበት ቦታ ላይ ማግኔቱ አይይዝም። ሁለተኛ፣ ገንዘብ ያነሰው ዘንድሮ ወለሉን ያሠራ፣ ቀለሙን ለከርሞ ይተው። የተፋቀ ብረት ግን ራቁቱን አይደር፤ ቅባቱ በቲነር ተጠርጎ፣ በላብ እጅ ሳይነካ፣ በዚያው ቀን ጸረ ዝገት ይቀባ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ዝናብ ባለበት ወር የመጨረሻውን ቀለም ደጅ ላይ መርጨትም ይቅር።

ሦስተኛው ልጆቻችንን የሚመለከት ነው። አሮጌ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዝ ሊኖርበት ስለሚችል በመንገዳችን ላይ በደረቁ አይፋቅ። በውሃ እየራሰ በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፈግ፣ ሠራተኛውም አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፣ ሕፃናት ይራቁ። የተረፈው ቲነርም ቦይ ውስጥ አይደፋ።

ይህን በሚቀጥለው ስብሰባ ተወያይተንበት ደንብ ብናደርገው መልካም ይመስለኛል። የተለየ ሐሳብ ያለው አባልም መጥቶ ይናገር።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የማኅበሩ ጸሐፊ