ለማቴዎስ አርመናዊው አንድ መንገድ

«ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወራጅ አለ!» በዚህ የአዲስ አበባ የታክሲ መስመር የሚመላለስ ተሳፋሪ ይህን ሳይሰማ አይውልም። በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው የአገሪቱ የመጀመሪያ የጦር ሚኒስትር ለመሆን የበቁት አባ መላ፣ ፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ በ1919 ዓ.ም. ቢያርፉም ስማቸው ዛሬም በሰው አፍ ላይ ነው። ድልድይ የሰው ስም ከተሰጠው ትውልድ ተሻግሮ ያስታውሳል። ለዚህ ነው አራዳ ውስጥ ለአንድ የተረሳ ሰው ስም የምጠይቀው።

ሰውየው ማቴዎስ ይባላል፤ ነጋዴ ነው፣ አርመናዊ ነው። ዐፄ ልብነ ድንግል ገና ልጅ በነበሩበት ጊዜ መንግሥቱን ይመሩ የነበሩት እቴጌ እሌኒ፣ በ1501 ዓ.ም. ገደማ ለፖርቱጋሉ ንጉሥ ማኑኤል ደብዳቤና የግማደ መስቀል ቁራጭ አስይዘው የላኩት እሱን ነው። የደብዳቤው ቁም ነገር በቀይ ባሕር ላይ የጋራ ዘመቻ እንክፈት የሚል ነበር።

የማቴዎስ መከራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በ1505 ዓ.ም. ጎዋ ሲደርስ የፖርቱጋሎቹ ገዥ አልቡከርክ በክብር ተቀበለው። ሌሎቹ ግን አጀብ የሌለውን ነጋዴ የንጉሥ መልእክተኛ ነው ብለው ለማመን ተቸገሩ፤ ሰላይ ነው አሉት። ወደ ሊዝበን በወሰደችው መርከብ ላይ አዛዦቹ አዋረዱት፣ አንገላቱት። የካቲት 1506 ዓ.ም. ሊዝበን ሲገባ ንጉሥ ማኑኤል መልእክቱን አመነ፤ የበደሉትንም አሰረ።

መልሱን ይዞ መመለሱም ቀላል አልነበረም። አብሮት የተላከው አዛውንቱ አምባሳደር ዱዋርቴ ጋልቫኦ ቀይ ባሕር ውስጥ በካማራን ደሴት ሞተ። ማቴዎስ ምጽዋ የደረሰው በ1512 ዓ.ም. ነው፤ ብዙም ሳይቆይ በደብረ ቢዘን ገዳም አካባቢ አረፈ። ከአሥር ዓመት በላይ የተንከራተተለትን መልስ ለላኩት እቴጌ በእጁ ለማድረስ አልታደለም።

አብረውት የመጡት የሮድሪጎ ደ ሊማ ልዑካን ግን ቤተ መንግሥት ደረሱ፤ ስድስት ዓመትም ቆዩ። በ1533 ዓ.ም. 400 ያህል የፖርቱጋል ወታደሮች ምጽዋ ወረዱ፤ በ1535 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ ከዐፄ ገላውዴዎስ ጎን ተሰልፈው ተዋጉ። ይህ ሁሉ የማቴዎስ ሥራ ነው አልልም፤ በሩን ያንኳኳው ግን እሱ ነው። ታሪካችን ግን ላኪዋን እቴጌና ኋላ የመጡትን ወታደሮች እያወሳ መልእክተኛውን ይዘልለዋል።

«የራሳችን ጀግኖች ሳይዳረሱ ለባዕድ መንገድ?» የሚል አይጠፋም። ከማዘጋጃ ቤቱ ቁልቁል የሚወርደው ጎዳና እኮ ቸርችል ነው የሚባለው! ማቴዎስ ደግሞ በኢትዮጵያ ስም ተሰድቧል፣ በኢትዮጵያ ስም ታስሯል፣ በኢትዮጵያ ምድር ሞቷል። አገርን ወክሎ መዋረድን የተቀበለ ሰው ባዕድ ሊባል አይገባም።

ፒያሳ ፈርሳ እንደገና እየተሠራች ነው፤ አዲስ መንገድ አዲስ ስም ይፈልጋል። ከራስ መኮንን ድልድይ አቅራቢያ፣ አርመኖች ቤተ ክርስቲያናቸውን ከሠሩበት ሰፈር፣ አንዱ መንገድ ለማቴዎስ ይሰጠው። ታፔላው ላይ ስሙና የላኩት እቴጌ ስም ጎን ለጎን ይጻፍ። ዛሬም በየአገሩ ቃላችንን ይዘው የሚሄዱ ሰዎች አሉ፤ መልእክተኛን የማይረሳ አገር እንዳላቸው ይወቁ።