«ጊታርህን ጣል» ከማለታችን በፊት

አንድ ወጣት ከጓደኞቹ ጋር ባንድ መሥርቶ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ መጫወት ሲጀምር ከእኛ ዘንድ ፈጥኖ የሚደርሰው ቃል የታወቀ ነው፦ «ወይ ጌታን፣ ወይ ጊታርህን ምረጥ!» አነጋገሩ መንፈሳዊ ይመስላል። እኔ ግን ብዙውን ጊዜ የእረኛ ስንፍና ነው እላለሁ።

ዛሬ ዓለም የሚያውቀውን «ዩ ቱ» የተባለውን የአየርላንድ ባንድ አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1976 ዱብሊን ውስጥ የ14 ዓመቱ ላሪ ሙለን ሙዚቀኞች እንደሚፈልግ በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። የመጀመሪያው ልምምድ በቤተሰቡ ኩሽና ተደረገ። ከአራቱ ሦስቱ፣ ቦኖ፣ ኤጅና ላሪ፣ ሻሎም በሚባል የክርስቲያኖች ኅብረት ይጸልዩና መጽሐፍ ቅዱስ ያጠኑ ነበር። ቦኖ ገና በ14 ዓመቱ እናቱን ቀብሯል፤ ላሪም በ1978 እናቱን በመኪና አደጋ አጥቷል።

በ1981 ሁለተኛ አልበማቸው «ኦክቶበር» በወጣበት ወቅት፣ እምነትና ሮክ አብረው አይሄዱም የሚለው የኅብረቱ ግፊት በረታባቸው። ኤጅ ባንዱን ለመተው ወሰነ፤ ቦኖም ሊከተለው ነበር። ለሥራ አስኪያጃቸው ለፖል ማክጊነስ ሲነግሩት ስለ ሃይማኖት አልተከራከራቸውም። ለኮንሰርት ጉዞው ውል መፈረሙን አስታውሶ፣ እግዚአብሔር ውል እንዲያፈርሱ ይፈልግ እንደሆነ ብቻ ጠየቃቸው። ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ ኅብረቱን ግን ተሰናበቱ።

ሊያሳፍረን የሚገባው ይህ ነው። መዝሙር 15 በጌታ ተራራ የሚኖር ሰው ቢጎዳም እንኳ መሐላውን እንደማያጥፍ ይናገራል። ለእነዚያ ልጆች ይህን ያስታወሳቸው ግን የኅብረቱ ሽማግሌ ሳይሆን የባንዱ ሥራ አስኪያጅ ሆነ!

«መድረኩና ጭብጨባው ስንቱን አስቷል!» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ዳንኤል በባቢሎን ቤተ መንግሥት ሲያገለግል አብረውት የሚጸልዩ ሦስት ወዳጆች ነበሩት። ወጣቱን የሚያጠፋው መድረኩ ብቻ አይደለም፤ ብቻውን መተዉም ነው። ደግሞም «ጣሉት» የተባሉት እነዚያ ልጆች በ1983 መዝሙር 40ን ዜማ አድርገው ለዓመታት ኮንሰርታቸውን ይዘጉበት ነበር። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ሕዝብም አብሮ ዘመረው።

እናንተ ባንድ የመሠረታችሁ ወጣቶች ግን በዚህ አትመኩ። እሑድ አምልኮ ልትመሩ ቃል ገብታችሁ ቅዳሜ ማታ የሰርግ ሥራ ሲገኝ ስልክ ታጠፋላችሁን? ክፍያውን ከድራም መቺው ጋር በእኩል ትካፈላላችሁን? ጥሪ አለን የምትሉ ከሆነ መጀመሪያ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

መሪዎች ሆይ፣ ወደፊት አንድ ልጅ ጊታሩን ይዞ ሲመጣ «ጣለው» ከማለታችሁ በፊት «ልምምዳችሁ መቼ ነው?» በሉት። ከዚያም ሄዳችሁ አብራችሁት ተቀመጡ።