የአደራው ዕቃ ከእነሱ፣ ቁልፉ ከእኛ

እ.ኤ.አ. ጁን 19 ቀን 2011 የደንበኞቹን ፋይል በኢንተርኔት የሚያስቀምጠው የድሮፕቦክስ ኩባንያ በር ለአራት ሰዓት ያህል ወለል ብሎ ተከፍቶ ቆየ። ኩባንያው በሥርዓቱ ላይ ለውጥ ሲያደርግ ስህተት ገብቶ ስለነበር፣ የአንድን ደንበኛ ኢሜይል የሚያውቅ ሰው የይለፍ ቃል በሚጠየቅበት ቦታ ላይ የመጣለትን ቢጽፍ ይገባ ነበር። ስህተቱ እንደታወቀ ወዲያው ታረመ። በእነዚያ ሰዓታት የተከፈቱት አካውንቶችም ከመቶ አንድ እጅ እንደማይሞሉ ኩባንያው አስታወቀ።

ከዚያ ቀን እኔን የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ነው። ፋይሎቹ ያኔም ተመስጥረው ነበር የሚቀመጡት። ምስጢሩን የሚፈታው ቁልፍ ግን በኩባንያው እጅ ስለነበር፣ ሥርዓቱ ለገባው ሁሉ ፋይሉን እየፈታ አቀረበ። ባለቤቶቹ ፋይላቸውን ከመላካቸው በፊት በራሳቸው ቁልፍ ቆልፈውት ቢሆን ኖሮ፣ በዚያ በር የገባ ሰው የሚያገኘው የማይነበብ የፊደል ክምር ብቻ ነበር።

ጎግል ድራይቭ፣ ዋንድራይቭ፣ ድሮፕቦክስና ሌሎችም «ፋይልዎ በምስጠራ የተጠበቀ ነው» ይሉናል። እውነታቸውን ነው። ፋይሉ ከስልካችን ተነስቶ ሲጓዝም፣ ደርሶ ሲቀመጥም ተመስጥሮ ነው። ብዙዎቹ የሚጠቀሙበት ኤኢኤስ የተባለው ዘዴ ጆአን ዳመንና ቪንሰንት ራይመን የተባሉ ሁለት ቤልጂየማውያን የነደፉት ሲሆን፣ የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም እ.ኤ.አ. በ2001 ደረጃ አድርጎ አጽድቆታል። እስከ ዛሬም በተግባር የሰበረው አልተገኘም። ኩባንያዎቹ ቁልፉን በእጃቸው የሚያቆዩትም ለክፋት ብለው አይደለም። በሰነድ ውስጥ ቃል ፈልገን እንድናገኝ፣ ፎቶውን ሳናወርድ እንድናየው፣ የይለፍ ቃል ስንረሳ እንዲመልሱልን ሲሉ ነው።

ራስዎን እንዲህ ብለው ይጠይቁ። የይለፍ ቃሌን ብረሳ፣ በስልኬ በሚመጣ ኮድ አዲስ አውጥቼ ፋይሎቼን እንዳሉ አገኛቸዋለሁ? መልሱ «አዎ» ከሆነ፣ ኩባንያው ያለ እርስዎ ሊከፍታቸው ይችላል ማለት ነው። ሲም ካርድዎ በእጁ የገባ ሰውም እንዲሁ።

በሌሎች ላይ የደረሰውን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የስለላ ተቋማት ይሠራ የነበረው ኤድዋርድ ስኖውደን ያወጣቸው ሰነዶች፣ የአሜሪካው የብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ ከእንግሊዝ አቻው ጋር በመሆን የጎግልንና የያሁን የመረጃ ማዕከላት የሚያገናኙ መስመሮችን ይጠልፍ እንደነበር አሳይተዋል። ጎግል በማዕከላቱ መካከል የሚጓዘውን ሁሉ ለመመስጠር ሥራውን ያፋጠነው የስኖውደን ሰነዶች መውጣት ከጀመሩ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ደግሞ የአገሪቱ ኩባንያዎች መረጃውን በየትኛውም አገር ቢያስቀምጡት፣ በሕጋዊ ትዕዛዝ ሲጠየቁ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። አዲስ አበባ ተቀምጠን የምንጭነው ፋይልም ከዚህ ሕግ ውጪ አይሆንም።

ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው ኒውዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በ2022 የዘገበው የአንድ የሳን ፍራንሲስኮ አባት ታሪክ ነው። ሕፃን ልጁ ስለታመመበት፣ ሐኪሙ እንዲያየው የታመመውን የሰውነት ክፍል ፎቶ አነሳ። ስልኩ ፎቶውን በራሱ ጊዜ ወደ ጎግል ጫነው። የጎግል መመርመሪያ ሥርዓት ምስሉን በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ወንጀል አድርጎ ቆጠረው፤ የአባትየውም አካውንት ተዘጋ፤ ፖሊስም መረመረው። ፖሊስ ጥፋት እንደሌለበት ቢያረጋግጥም ጎግል አካውንቱን አልመለሰለትም። ኢሜይሉን፣ የቤተሰቡን ፎቶዎች፣ የስልክ ቁጥሩን ሳይቀር አጣ። ሕፃናትን ከጥቃት ለመጠበቅ የሚደረገውን ፍተሻ እኔም እደግፋለሁ። የዚህ አባት ታሪክ የሚያሳየን ግን፣ በእኛ ቁልፍ ያልተቆለፈ ፋይል ሌላ ዓይን የሚያየው፣ ሌላ ፍርድ የሚሰጥበት መሆኑን ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ለብዙዎቻችን ክላውድ፣ ማለትም የኢንተርኔት ፋይል ማስቀመጫ፣ ቴሌግራም ነው። ዲፕሎማው፣ ትራንስክሪፕቱ፣ የልደትና የጋብቻ ሰርተፍኬቱ፣ ፓስፖርቱ፣ ፋይዳው፣ የቤት ካርታው፣ ውክልናው ሁሉ ፎቶ ይነሳና «ሴቭድ ሜሴጅስ» ውስጥ ይገባል። ስልክ ቢጠፋም ሰነዱ አይጠፋም፤ ጥቅሙን አልክድም። ይሁን እንጂ የቴሌግራም ተራ መልእክትም ሆነ ይህ ማስቀመጫ ከዳር እስከ ዳር፣ ማለትም ላኪና ተቀባይ ብቻ እንዲያነቡት ሆኖ፣ የተመሰጠረ አይደለም። መልእክት እንዲያ የሚመሰጠረው ሁለት ሰዎች «ሲክሬት ቻት» ሲከፍቱ ብቻ ነው። ለሌላው መልእክት ሁሉ ቁልፉ በድርጅቱ እጅ ነው። መሥራቹ ፓቬል ዱሮቭ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 ፈረንሳይ ውስጥ ከተያዘ በኋላ፣ ድርጅቱ በሕግ አግባብ ሲጠየቅ የተጠርጣሪ ተጠቃሚዎችን የስልክ ቁጥርና የአይፒ አድራሻ አሳልፎ እንደሚሰጥ ደንቡን ለውጧል። የመልእክቱ ይዘት በዚያ ውስጥ የለም፤ ሆኖም ደንብ በአንድ ቀን እንደሚለወጥ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ገብታችሁ ወረፋ ስትጠብቁ የኮምፒውተሩን ስክሪን አስተውሉ። ደንበኛው መታወቂያውን ወደ ቤቱ የቴሌግራም ቁጥር ይልካል፤ እዚያ የምትሠራው ልጅ ትከፍተዋለች፤ ታትማለች፤ ገንዘቧን ትቀበላለች። ፋይሉ ግን «ዳውንሎድስ» ውስጥ ባለው «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» በሚባል ፎልደር ይቀራል። ያ ፎልደር ሲከፈት የማያውቁት ሰው ፓስፖርት፣ የማያውቁት ልጅ የስምንተኛ ክፍል ካርድ፣ የማያውቁት ቤተሰብ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ተደርድሮ ይታያል። ልጅቷ ክፉ አስባ አይደለም፤ የሚያጠፋው ሰው ስለሌለ ብቻ ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ጂሜይሉን በዚያው ኮምፒውተር ከፍቶ፣ ሰነዱን አሳትሞ፣ ሳይዘጋ የሚወጣው ደንበኛ ነው። ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው ኢሜይሉን ብቻ ሳይሆን ድራይቩን በሙሉ ያገኛል። በራሱ ቁልፍ የቆለፈው ፎልደር ቢሆን ኖሮ ግን አካውንቱ ተከፍቶም ቢሆን እንደተቆለፈ ይቆይ ነበር።

«እኔ ምን የምደብቀው አለኝ?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ይህ አባባል ሰነዶቻችን የእኛ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ያስኬድ ይሆናል። በእጃችን ያለው ግን የእናታችን የሕክምና ውጤት፣ ዱባይ ያለችው እህታችን ፓስፖርት፣ የልጆቻችን የልደት ሰርተፍኬት፣ ዋሽንግተን ያለው ወንድማችን የሰጠን ውክልና ነው። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይላሉ አባቶቻችን። የመታወቂያ ቅጂ፣ ፊርማ ያለበት ውልና የቤት ካርታ በአንድ ላይ ያገኘ አጭበርባሪ ምን ሊሠራበት እንደሚችል ፍርድ ቤት የተመላለሰ ሁሉ ያውቀዋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ የምንጻጻፈውንም ይጨምራል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ሁለቱም ትልቅ ነገር ናቸው። ሆኖም ሕግ ጥፋተኛውን የሚጠይቀው ከጉዳቱ በኋላ ነው፤ የወጣን ፓስፖርት ወደ ቦታው አይመልስም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ያለንን ሁሉ መመስጠር አያስፈልግም። የሠርግ ቪዲዮውና የመዝሙር ስብስቡ ባለበት ይቆይ። በሌላ ሰው እጅ ቢገቡ የሚጎዱንን ሰነዶች ብቻ እንለይ፤ ለአብዛኛው ቤተሰብ ከአንድ ፎልደር አያልፉም።

ኮምፒውተር ላለው ሰው እኔ የምመክረው ክሪፕቶሜተር የተባለውን የጀርመን ፕሮግራም ነው። ኮዱ ለማንም ክፍት ስለሆነ ባለሙያዎች ሊመረምሩት ይችላሉ፤ በኮምፒውተር ላይም በነፃ ይሠራል። በስልክ ላይ ሙሉ አገልግሎቱ ይከፈልበታል። አሠራሩ ቀላል ነው። በጎግል ድራይቭ ወይም በድሮፕቦክስ ፎልደራችን ውስጥ አንድ ካዝና እንፈጥራለን፤ የይለፍ ቃል እንሰጠዋለን። ስንከፍተው በኮምፒውተራችን ላይ እንደ ተጨማሪ ፍላሽ ዲስክ ብቅ ይላል፤ ሰነዱን እንደማንኛውም ፋይል እንጨምርበታለን። ከዚያ በብሮውዘር ወደ ድራይቩ ገብታችሁ ያንኑ ፎልደር እዩት። «የቤት ካርታ» ብላችሁ ያስቀመጣችሁት ሰነድ ስሙ እንኳ አይገኝም፤ በቦታው ትርጉም የለሽ የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት ተተክቷል። ኩባንያው የሚያየውም ይህንኑ ነው። የፋይሎቹን ብዛት፣ ግምታዊ መጠናቸውንና የተነኩበትን ቀን ማወቅ ይችላል፤ ውስጣቸውን ግን አያይም።

ስልክ ብቻ ያለው ሰውም መላ አለው። በአንድሮይድ ላይ ዜድአርካይቨር በሚባለው፣ በኮምፒውተር ላይ ደግሞ በሰቨን ዚፕ ሰነዶቹን አንድ ላይ ጠቅልሎ በይለፍ ቃል መቆለፍ ይቻላል። የፋይል ስሞችንም የሚመሰጥረውን አማራጭ መምረጥ አይዘንጋ። ያንን ጥቅል ቴሌግራም ላይ ቢያስቀምጠው አያሳስበውም። አይፎን ያለው እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ አፕል ያቀረበውን የላቀ የመረጃ ጥበቃ ማብራት ይችላል፤ ያኔ የአብዛኛው የአይክላውድ ይዘት ቁልፍ ከኩባንያው ወጥቶ በባለቤቱ እጅ ይገባል። የእንግሊዝ መንግሥት መግቢያ ይከፈትልኝ ብሎ ስለጠየቀ፣ አፕል በፌብሩዋሪ 2025 ይህን አገልግሎት በዚያ አገር ለአዲስ ተጠቃሚዎች አቋርጧል። ለንደን ያላችሁ ወገኖች ይህን ልብ በሉ። ዋትስአፕ የምትጠቀሙም የመጠባበቂያ ቅጂውን ምስጠራ ወደ ቅንብሩ ገብታችሁ አብሩ። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ አለ፤ ሳናበራው በራሱ አይበራም።

ከቆለፍን በኋላ ያልተቆለፈውን የድሮ ቅጂ ማጥፋት ግድ ነው። ጎግል ድራይቭ የተሰረዘውን በመጣያው ውስጥ ለ30 ቀናት ያቆየዋልና መጣያውም ይጽዳ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ቁልፉ የእኛ ከሆነ ማጣቱም የእኛ ነው። የረሳነውን የሚመልስልን ደንበኞች አገልግሎት የለም። ስቴፋን ቶማስ የተባለው የኮምፒውተር ባለሙያ 7,002 ቢትኮይን የሚከፍተውን መረጃ በተመሰጠረ ፍላሽ ዲስክ ላይ አስቀምጦ የይለፍ ቃሉ ጠፋበት። ዲስኩ የሚፈቅደው 10 ሙከራ ብቻ ነው፤ ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ሲወራ 8ቱን ጨርሶ ነበር። ባለሙያ ላይ የደረሰ በማንኛችንም ላይ ይደርሳል።

ስለዚህ የይለፍ ቃሉ በወረቀት ይጻፍ። ወረቀትን ከሩሲያም ሆነ ከናይጄሪያ ተነስቶ የሚሰርቅ የለም። እርስ በርሳቸው የማይገናኙ አምስት ወይም ስድስት የአማርኛ ቃላት በዕጣ ይመረጡና በላቲን ፊደል ይጻፉ፤ የግዕዝ ኪቦርድ በሌለው ኮምፒውተር ላይም ይከፍታሉ። ተረትና ምሳሌ፣ የልጅ ስም፣ የልደት ዘመን፣ ስልክ ቁጥር አይሁን። ወረቀቱ በፖስታ ታሽጎ ዋናው የቤት ካርታ ከሚቀመጥበት ቦታ ይቀመጥ፤ አንድ ቅጂም በሌላ ቤት ለሚያምኑት ሰው ይሰጥ። የትዳር ጓደኛ ካዝናው የት እንዳለ ይወቅ። የሟች ሰነዶች ተቆልፈው ቀርተው ወራሽ ሲንገላታ ማየት አንፈልግም። ሰነዱን ለዘመድ የምንልክ ከሆነም ፋይሉ በቴሌግራም ይሂድ፣ የይለፍ ቃሉ ግን በስልክ ተደውሎ በቃል ይነገር።

ይህ ሁሉ ከምን እንደማይጠብቀን መናገርም ተገቢ ነው። ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ራሱ ከተጠለፈ ካዝናውን ስንከፍት ጠላፊውም አብሮን ያያል። የካናዳው የምርምር ተቋም ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014 ባወጣው ጥናት፣ በቤልጂየምና በአሜሪካ ይሠሩ የነበሩ የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ሃኪንግ ቲም በተባለው የጣሊያን ኩባንያ የስለላ ሶፍትዌር ዒላማ እንደነበሩ አሳይቷል። ያ ሶፍትዌር የሚመጣው ሰነድ መስሎ ነበር። ከማናውቀው ሰው የመጣ ፋይል አለመክፈትና የስልክን ሶፍትዌር በየጊዜው ማደስ ከምስጠራው ጋር አብረው የሚሄዱ ናቸው።

እነዚህን ሰነዶች ለማግኘት በየቢሮው የተመላለስንበትን ጊዜ፣ የከፈልነውን ገንዘብ፣ የለመንነውን ሰው እናስብ። እንዲህ ደክመን ያገኘነውን ሰነድ፣ አይተን ለማናውቀው ድርጅት በራሱ ቁልፍ እንዲጠብቅልን ትቶ መተኛት ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ሰጥታችሁ ፎልደሩን ለዩ፤ ቆልፉት፤ ቃሉን በወረቀት ጻፉ፤ የድሮውን ቅጂ አጥፉ። ልጆቻችሁ ኮምፒውተር የሚያውቁ ከሆነ የአያቶቻቸውን ሰነድ ጭምር እንዲቆልፉ እዘዟቸው። ሥራው የአንድ ምሽት ነው፤ የወጣን ሰነድ መልሶ መሰብሰብ ግን አይቻልም።