ካርዱ ደጋ፣ ባለካርዱ ቆላ

ሰኔ 2013 ዓ.ም. ነው። ከጎንደር ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወርደው አውቶቡስ ውስጥ አጠገባችን ከጎጃም የመጣ ልጅ ተቀምጧል። ዕድሜው 19፣ ሻንጣው የማዳበሪያ ከረጢት፣ ጉዞው ለሰሊጥ ሥራ። እኛ ደግሞ ጋዜጠኝነት የተማርን ሰዎች ነንና ሳንጠይቅ አንውልም። «የምርጫ ካርድ አወጣህ?» አልነው። «እንዴታ! እናቴ ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች» አለ። ታዲያ ለምርጫው ትመለሳለህ ወይ ስንለው ሳቀብን። «እናንተ ደግሞ! ዝናቡ ከጣለ በኋላ ብደርስ ማን ሥራ ይሰጠኛል?»

6ኛው አገር አቀፍ ምርጫ ሰኔ 14 ቀን ተካሄደ። ካርዱ ጎጃም፣ ባለካርዱ መተማ።

እኛ የከተማ ልጆች ምርጫ ሲባል የምናስታውሰው ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም.ን ነው። ክርክሩን፣ ሰልፉን፣ ቅንጅት ያሸነፋቸውን 23ቱን የአዲስ አበባ ወንበሮች፣ ከዚያም የተከተለውን ሐዘን። ስለ ምርጫ ስንጨቃጨቅ ጭቅጭቃችን ሁሌም ስለ ቆጠራው ነው፤ ማን ቆጠረ? እንዴት ቆጠረ? ከመጀመሪያውም ኮሮጆው ዘንድ ስላልደረሰው ሰው ግን ማን ያወራል?

በደህናው ዘመን ከሁመራ እስከ መተማ ባለው ቆላ ለሰሊጥ፣ ለጥጥና ለማሽላ ሥራ የሚወርደው ሰው በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። ሰሊጥ የሚዘራው ክረምቱ ሲገባ ነው፤ ከዚያ አረሙ፣ ከመስከረም በኋላ ደግሞ አጨዳው ይከተላል። በ1997፣ በ2002 እና በ2007 ምርጫው ግንቦት ላይ ነበር። 6ኛው ምርጫ መጀመሪያ የተቀጠረው ለነሐሴ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ አረም በሚታረምበት ወር! ኮሮና መጣና ቀረ። ቀጥሎ ግንቦት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ተባለ፤ እሱም ወደ ሰኔ 14 ተገፋ። ቀን ሲቆረጥ ወረርሽኙም ዝግጅቱም ታስቧል፤ የሠራተኛው የቀን መቁጠሪያ ግን አልታየም።

ታዲያ እዚያው መተማ ለምን አይመርጥም? አይችልም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 መራጩ በሚመዘገብበት የምርጫ ክልል ቢያንስ 6 ወር የኖረ እንዲሆን ይጠይቃል። በሰኔ ወርዶ በኅዳር የሚመለስ ሰው ስድስት ወር ከየት ያመጣል? አገሩ ሲመዘገብ በምርጫው ቀን የለም፤ የምርጫው ቀን ባለበት ቦታ ደግሞ መመዝገብ አይችልም።

ሕጉን ክፉ ነው አንልም። ለአንድ ክረምት የወረደ ሰው የመተማን ሕዝብ እንደራሴ ይምረጥ ብንል የአገሬው ሰው «የእኔን ወንበር መንገደኛ ወሰደው» ቢለን እውነቱን ነው። እኛም የምንለው ሌላ ነው፦ መተማ ሆኖ ለመንደሩ ይምረጥ።

ይህ ተአምር አይደለም። በ2013ቱ ምርጫ ለወታደሮችና ለተፈናቃዮች ልዩ የምርጫ ጣቢያ ተዘጋጅቶ ነበር። ስለዚህ ለሚንቀሳቀስ ሰው የሚንቀሳቀስ ኮሮጆ ማሰብ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ገንዳ ውኃ፣ ኮኪት፣ ሽንፋና መተማ ዮሐንስ ላይ እንዲህ ያለ ጣቢያ ቢከፈት ምን ይጎድላል?

ሌሎች አገሮች ለሩቅ ሰው ምን እንደሚያደርጉ እንይ። ስኮትላንድ ውስጥ ምዕራባዊ ደሴቶች የሚባል የምርጫ ክልል አለ። መራጩ የአብዛኛውን ክልል ሲሶ እንኳ አይሞላም። ግን በመሐል ባሕር አለና፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሕግ ለብቻው ወንበር እንዲኖረው አስከብሮለታል። እኛ ባሕር የለንም፤ ወደ መተማ ስንወርድ ያገኘነው ባሕር ነጋዴ ባሕር የምትባለው ከተማ ብቻ ናት! ግን ክረምት ሲገባ ዋልካው ጭቃ ይሆናል፣ ጓንግና ሽንፋ ይሞላሉ፣ እርሻውም ደሴት ይሆናል። ደሴቱ ላይ ያለው ሰው ዜጋ ነው።

«ጥይት በሚጮህበት አገር ስለ ኮሮጆ ታወራላችሁ?» የሚለን አይጠፋም። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከጋላባት ማዶ ሱዳን እየነደደች ነው፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል ራሱ ጦርነት ውስጥ ገብቷል። ሰላም ከሁሉ ይቀድማል፤ አንከራከርም። ግን ሰላም ሲመጣ የሚያገኘው ሕግ ያው የድሮው ከሆነ ያ ልጅ ያው ከረጢቱን ይዞ ያው አውቶቡስ ላይ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156፣ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። ያንን ያጸደቀው ፓርላማው ነው። የጉልበት ዋጋ በሚወራበት ቤት የማንም ፓርቲ ዕጩ ያንን ልጅ የማይፈራው ለምን ይመስላችኋል? ካርዱ ሣጥን ውስጥ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው።

ምርጫ ቦርድ ሆይ፣ የሚቀጥለውን ቀን ከመቁረጥህ በፊት እስቲ አንድ ሰሊጥ ዘሪ ጠይቅ።