መጠበቅና መከታተል አንድ አይደሉም

«ተፈጥሮ ራሷ ታጸዳዋለች» የሚል ቃል የሳይንስ ልብስ ለብሶ መጥቷል። ቃሉ ፍጹም ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ማን ለምን እንደሚናገረው መመርመር የተማረ ሰው ግዴታ ነው እንላለን።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። በአሜሪካ አገር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1979 ጀምሮ፣ በእርሳስ ፈንታ ኤም.ቲ.ቢ.ኢ. የሚባል ቅመም በቤንዚን ውስጥ ይጨመር ነበር። ከ1990 ሕግ በኋላ ደግሞ አየሩን ያጠራል ተብሎ መጠኑ በዛ። ይሁን እንጂ ቅመሙ ከሚያፈሱ ታንኮች እየወጣ ወደ ከርሠ ምድር ውኃ ገባ። በ1996 የካሊፎርንያዋ ሳንታ ሞኒካ ከተማ ጉድጓዶቿን ዘግታ ከመጠጥ ውኃዋ ግማሽ ያህሉን አጣች። ካሊፎርንያ ከ2004 መጀመሪያ አንሥቶ ቅመሙን ከለከለች፤ መሬት ውስጥ የገባውን ግን ሕግ አያወጣውም።

እርግጥ ነው፣ በተለይ ኦክስጅን ባለበት ቦታ ይህን ቅመም የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉ። ታዲያ ያፈሰሰው ኩባንያ «መጠኑ ቀንሷል፤ ባክቴሪያዎቹ ሥራ ላይ ናቸው» ቢለን እንመነውን? ጨው በወንዝ ቢበተን ጣዕሙ ይጠፋል እንጂ ጨውነቱ አይጠፋም። ኤም.ቲ.ቢ.ኢ.ም በውኃ ስለሚሟሟና ከአፈር ጋር ስለማይጣበቅ ቀጥኖ ወደ ጎረቤት ጉድጓድ ሊጓዝ ይችላል።

መለያው ግን አለ። ባክቴሪያዎች ቀላሉን ካርቦን 12 የያዘውን አስቀድመው ስለሚሰባብሩ፣ በተረፈው ቅመም ውስጥ ከባዱ ካርቦን 13 እየበዛ ይሄዳል። በውኃ መቅጠን ብቻ ይህን ሚዛን አይለውጥም። ስብርባሪው ቲ.ቢ.ኤ. ራሱ የሚያሠጋ ስለሆነ እርሱም ይለካ።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም በ1999 መመሪያው፣ ተፈጥሮን መከታተል ማለት ትቶ መሄድ እንዳልሆነ አስታውቋል። ስለዚህ የማስረዳት ዕዳው የአፍሳሹ እንጂ የጠጪው አይደለም። ልኬቱ ለዓመታት ይቀጥል፤ ውጤቱ ለሕዝብ ይገለጽ፤ ተፈጥሮ ካልቻለች ሰው ያጽዳ።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ እንዳይመስለን። አዲስ አበባም ከአቃቂ ጉድጓዶች ትጠጣለች፤ የነዳጅ ታንክም በየማደያው ከመሬት በታች ተቀብሯል። ነገ «ውኃው ንጹሕ ነው» በሚል ወረቀት ላይ እንድንፈርም የምንጠየቀው እኛው ነን። ሳንለካ አንፈርም።