ሊብሬው የሚለውና ሻንሲው የሚለው፦ አሮጌ ላንድሮቨርና ላንድክሩዘር ከመግዛትዎ በፊት

የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከወጣ ወዲህ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ወደ አገር ሲገቡ የሚከፈልባቸው ታክስ ከዕድሜያቸው ጋር እየከበደ የሚሄድ ሆኗል። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ለሕዝብ ይፋ ተደርጓል። ሁለቱም ውሳኔዎች የየራሳቸው ዓላማ አላቸው፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ተከትሎ የመጣው የገበያ ጠባይ ነው። ከውጭ የሚመጣው ሲወደድና ሲቀንስ፣ ቀድሞ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ተፈላጊ ይሆናል። በተለይም አስቸጋሪ መንገድ የሚችሉት የቀድሞ ላንድሮቨሮችና ላንድክሩዘሮች ከብዙ አዳዲስ መኪኖች ይልቅ ገዢ አያጡም። ገዢ የማያጣ ዕቃ ደግሞ አጭበርባሪም አያጣም።

ከደሴ በሐይቅ በኩል ወደ ወልድያ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ውጫሌን አቋርጦ ያልፋል። አስፋልቱን ለቅቆ ወደ ተራራማዎቹ ቀበሌዎች ለሚወጣ ሰው ግን፣ በተለይ በክረምት፣ በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ቅንጦት አይደለም። እህሉም፣ ሲሚንቶውም፣ ሕመምተኛውም የሚጓጓዘው በእርሱ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ የውጫሌ እህል ነጋዴ የዓመታት ቁጠባውን ይዞ በደላላ አማካይነት አሮጌ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ገዛ እንበል። ሊብሬው ንጹሕ ነው፤ ቦሎው አልተቃጠለም፤ ውሉም ተረጋግጧል። ስም ለማዛወር ሲሄድ ግን መርማሪው ኮፋኖውን ከፍቶ ሻንሲውን ሲመለከት በብረቱ ላይ የተመታው ቁጥር ከሊብሬው ጋር አይገጥምም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነጋዴው የመኪና ባለቤት ሳይሆን የምርመራ ተጠሪ ነው።

ነጋዴው የሳተው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወረቀቱን ከወረቀት ጋር እንጂ ወረቀቱን ከብረቱ ጋር አላስተያየም። ውል የሚያረጋግጠው አካል የተዋዋዮችን ማንነት፣ ፈቃድና ሰነድ ያያል፤ መኪናው ሥር ገብቶ ቁጥር አያነብም። ሊብሬውም ቢሆን እውነተኛ ሆኖ የሌላ መኪና ሊሆን ይችላል። አንድ ተሽከርካሪ ተገልብጦ ወይም ተቃጥሎ ከአገልግሎት ሲወጣ ሊብሬው ይተርፋል፤ ያ ሊብሬ ለተሰረቀ ወይም ቀረጥ ላልተከፈለበት መኪና «ልብስ» ሆኖ ይሸጣል። ውጫሌ ይህን ዓይነቱን ልዩነት በታላቁ መልኩ የምታውቅ ከተማ ናት፤ በ1881 ዓ.ም. በስሟ የተጠራው ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው አንድ፣ በጣልያንኛው ሌላ ሆኖ መገኘቱ ምን እንዳስከተለ ይታወቃል። ያን ጊዜ የማይስማሙት ሁለት ቅጂዎች ነበሩ፤ እዚህ የማይስማሙት ሊብሬና ሻንሲ ናቸው።

ለመሆኑ የአሮጌ መኪና ማንነት በምን ይታወቃል? ታርጋ የአገልግሎት ዓይነት ወይም ክልል ሲቀየር ይቀየራል። ቀለም ይቀየራል። ሞተርም ይቀየራል፤ በላንድሮቨር ላይ የቶዮታ ሞተር ተገጥሞ ማየት ለማንም ጋራዥ አዲስ ነገር አይደለም። ሳይለወጥ ይቀጥላል ተብሎ የሚታሰበው ሁሉም ነገር የሚታሰርበት የብረት አካል፣ ማለትም ሻንሲው ነው። ስለዚህ ነው በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት በሚካሄደው ምዝገባ ይህ ቁጥር ትልቅ ቦታ የሚሰጠው።

ቁጥሩ የት እንዳለ አስቀድሞ ማወቅ ሻጩ በሚያሳየው ላሜራ ብቻ ከመርካት ያድናል። በላንድክሩዘር 40 እና 70 ተከታታዮች ቁጥሩ የተመታው በቀኝ በኩል በፊተኛው የሻንሲ ክፍል፣ በፊት ጎማው አካባቢ ነው። በኮፋኖው ሥር ከሞተሩ በስተኋላ በሚገኘው ግድግዳ ላይ ያለው ላሜራ ተመሳሳዩን ቁጥር ይይዛል፤ ነገር ግን ላሜራው በሪቬት የተያያዘ ስለሆነ ተነቅሎ ሊዛወር ይችላል። በቀድሞዎቹ ላንድሮቨሮች፣ በተለይ በሁለተኛውና በሦስተኛው ተከታታይ፣ ቁጥሩ ከፊት በቀኝ በኩል ባሌስትራው ከሻንሲው ጋር በሚያያዝበት ብረት ላይ ይፈለጋል። ይህ ስፍራ ጭቃ የሚጠራቀምበትና ቀድሞ የሚዝገው ነው።

አሁን ብዙዎችን ወደሚያሳስተው ነጥብ እንምጣ። በዘመናዊ መኪና የለመድነው የመለያ ቁጥር 17 ፊደላትና አኃዞች አሉት፤ ከአንድና ከዜሮ ጋር እንዳይምታቱ አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡበትም፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አምራቹን ያመለክታሉ። ይህ ሥርዓት በዓለም ላይ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ መኪና አጭር ቁጥር ቢኖረው ጉድለት አይደለም። የቆየ ላንድክሩዘር ለምሳሌ «ኤፍ ጄ 40» ብሎ ይጀምርና ተከታታይ ቁጥር ያስከትላል፤ ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም። እንዲያውም የሚያጠራጥረው እ.ኤ.አ. በ1970 ተሠራ በተባለ ላንድሮቨር ላይ 17 አኃዝ ማግኘት ነው። ቁጥሩ አጭር ነው በሚል ብቻ ሐቀኛ ባለንብረት የሚጉላላበት መስኮት ካለ፣ ስህተቱ የባለንብረቱ አይደለም።

አጭሩ ቁጥር አንባቢ ካገኘ ብዙ ይናገራል። በቶዮታ አጠራር «ጄ» የላንድክሩዘር ቤተሰብን፣ ከፊቱ ያሉት ፊደላት ሞተሩን፣ ተከትሎ ያለው አኃዝ ደግሞ የአካሉን ዓይነት ያሳያሉ። በ40 ተከታታይ ውስጥ 40 አጭሩ፣ 43 መካከለኛው፣ 45 ረጅሙ ነው። «ኤች ዜድ ጄ 75» የሚል መኪና 4.2 ሊትር ባለ 6 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር የተገጠመለት ረጅሙ ዓይነት ነው፤ ይህ ሞተር ወደ ሥራ የገባው እ.ኤ.አ. በ1990 ስለሆነ ሊብሬው «1986» የሚል ከሆነ ማብራሪያ መጠየቅ ያስፈልጋል። በተመሳሳይ ጃፓን ውስጥ የ40 ተከታታይ ምርት እ.ኤ.አ. በ1984 አብቅቷል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ በሊብሬው ላይ ያለው ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር ይሁን በእኛ፣ የተሠራበት ይሁን የተመዘገበበት ሳይለዩ ሰውን መወንጀል አይገባም። የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ብዙ ጊዜ የአቆጣጠር እንጂ የማጭበርበር ውጤት አይደለም።

ላንድሮቨርም የራሱ ቋንቋ አለው። በሁለተኛው ተከታታይ «ኤ» ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1971፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች የመኪናውን ዓይነትና የተሠራለትን ገበያ ይለያሉ። በ241 የሚጀምረው አጭሩ የቤንዚን መኪና ለእንግሊዝ ገበያ፣ በ244 የሚጀምረው ደግሞ መሪው በግራ ሆኖ ለውጭ ገበያ የተሠራ ነው። በመጨረሻ ያለው ፊደል የንድፍ ለውጥን እንጂ ዓመትን አያሳይም። አገራችን በመንገድ ቀኝ መንዳት የጀመረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የገባ መኪና መሪው በቀኝ ሆኖ ተሠርቶ ኋላ ወደ ግራ ተዛውሮ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ «መሪው በቀኝ» ብሎ መኪናው መሪው በግራ ቢገኝ ወዲያውኑ «ተጭበረበረ» ከማለት በፊት ይህን ታሪክ ማስታወስ ይገባል።

ቁጥሩን ለማንበብ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። ጭቃውንና ቅባቱን በጨርቅና በላምባ ያጽዱ፤ መብራት ከጎን አብርተው ፎቶ ያንሱ፤ ስስ ወረቀት አስደግፈው ለስላሳ እርሳስ ያሹበት። በወረቀቱ ላይ የሚወጣው ቅርጽ ዓይን የሚያልፈውን ያሳያል፦ ከጓደኞቹ ከፍ ወይም ዝቅ ያለ አኃዝ፣ ሦስት የነበረ ስምንት፣ በሞረድ ተፍቆ የጎደጎደ ስፍራ። በቁጥሩ ዙሪያ አራት ማዕዘን የብየዳ መስመር ካለ ያ ቁራጭ ከሌላ ሻንሲ ተቆርጦ የመጣ ሊሆን ይችላል። አካሉ አሮጌ ሆኖ ቁጥሩ ያለበት ስፍራ ብቻ አዲስ ቀለም ወይም ስቱኮ ከተቀባ፣ ወይም የላሜራው ሪቬቶች ከላሜራው ይልቅ አዲስ ከሆኑ፣ ለምን እንደሆነ ይጠይቁ።

ባለንብረት ለሆኑ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ዝገት የበላውን ቁጥር «ላድሰው» ብለው በመዶሻና በብረት ፊደል ደግመው አይምቱ፤ በግራይንደርም አይንኩት። ቅንነትዎ በብረቱ ላይ አይጻፍም፤ ኋላ የሚያየው መርማሪ የሚያገኘው የተነካካ ቁጥር ብቻ ነው። የደበዘዘ ቁጥር ባለበት ሁኔታ ለመዝጋቢው አካል ይቅረብ። ፖሊስ በፎረንሲክ ዘዴ የጠፋ ቁጥርን ጥላ ከብረቱ ውስጥ ማውጣት የሚችልበት ጊዜ አለ፤ የተመታ ብረት ከላዩ ቢፋቅም ውስጡ የታመቀበትን ምልክት ይዞ ይቆያልና። ደግሞ የተመታበት ከሆነ ግን ይህ ዕድል ይጠባል።

በቁጥርና በሰነድ መካከል ያለ ልዩነት ሁሉ ወንጀል አለመሆኑን ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል። የላንድሮቨር አካል አልሙኒየም ነው፣ አይዝግም፤ ሻንሲው ግን ብረት ነው፣ ይዝጋል። ከዚህ የተነሳ አካሉ ደህና ሆኖ ሻንሲው ብቻ የተቀየረ መኪና ይኖራል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ደቡብ ወሎ ነው፤ ከተጎዱ ሁለት መኪኖች አንድ የሚሠራ ማውጣትም ችግር የወለደው ብልሃት ነው። ሕጋዊ የሚያደርገው መዝጋቢው አካል እንዲያውቀው ተደርጎ በፋይሉ ላይ መስፈሩ ነው። ሻንሲ ወይም ሞተር ከተቀየረ የተገዛበት ደረሰኝና የጋራዡ ማስረጃ ከፋይሉ ጋር መያያዝ አለበት። ሥራው ከተሠራ ከዓመታት በኋላ ማስረጃውን ማሰባሰብ እጅግ አድካሚ ስለሚሆን በሚሠራበት ሳምንት ማስመዝገብ ይሻላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው ግን በውክልና የሚደረግ ሽያጭ ነው። ብዙ አሮጌ መኪኖች ስም ሳይዛወር ከእጅ ወደ እጅ በውክልና ብቻ ያልፋሉ። ውክልና ሰጪው ሲሞት ውክልናው ይቀራል፤ መኪናውን የያዘው ሰው ከማያውቃቸው ወራሾች ጋር ይፋጠጣል። በየውክልናው ሲገለበጥ አንድ አኃዝ የተዛባ እንደሆነ ደግሞ ችግሩ እጥፍ ይሆናል። በቀረጥ ነፃ መብት የገቡ የእርዳታ ድርጅትና የፕሮጀክት መኪኖችም እንዲሁ ናቸው፤ ቀረጡ ሳይከፈል ወይም ሕጋዊ ፈቃድ ሳይገኝ ለሦስተኛ ወገን ሊተላለፉ አይችሉም። ስለዚህ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን፣ በጨረታ የተሸጠ ከሆነም የጨረታ ሰነዱን፣ ከሻንሲው ቁጥር ጋር አስተያይተው ይዩ።

ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ገዢና ሻጭ አብረው ፋይሉ ወዳለበት መዝጋቢ ጽሕፈት ቤት ቢሄዱ ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ባንድ ቀን ሊጣራ ይችላል። ፋይሉ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን፣ የተመዘገበው ባለቤት ማን መሆኑን፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩም ከመኪናው ጋር መግጠሙን እዚያው ይጠይቁ። ሻጩ በዚህ ካልተስማማ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አይግዙ። በእርሳስ የተነሳውን ቅርጽ ሁለታችሁም ፈርማችሁበት ከውሉ ጋር አያይዙት።

መኪናውን አስቀድመው ገዝተው ከሆነና ቁጥሩ ካልገጠመ፣ ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፉት፤ ምንም ነገር አይንኩበት። ውሉን፣ የክፍያ ማስረጃውንና የሻጩን መታወቂያ ቅጂ ይዘው ራስዎ ለመዝጋቢው አካልና ለፖሊስ ያመልክቱ። የተሰረቁ ተሽከርካሪዎች በኢንተርፖል መዝገብ ላይ መኖር አለመኖራቸውን የሚያጣራው ፖሊስ እንጂ ግለሰብ አይደለም። ያመለከቱበትን ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ያለበት ቅጂ መቀበልዎን አይርሱ።