ጕድጓዱና ቢላዋው



በዚህ ሳምንት ከደረሱን ጥያቄዎች ሁለቱ ከሌሞ የመጡ ናቸው። ጸሐፊያቸው ሆሳዕና የሚማር ወጣት ነው። የመጀመሪያው ጥያቄው እንዲህ ይላል፤ «ዳቦ መደርደሪያ ላይ ጥቂት ቀን ቢቀመጥ ይሻግታል። እናቴ ግን ቆጮውን እርጥብ አፈር ውስጥ ቀብራ ወራት ስታቆየው አይበሰብስም። አፈር ሁሉን የሚያበሰብስ ከሆነ ቆጮን ስለ ምን ይምረዋል?» ጥያቄው ደስ ያሰኛል፤ ብዙዎቻችን የምንበላውን ከመብላት በቀር መርምረነው አናውቅምና። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ደስ የሚያሰኝ ስላልሆነ ወደ ኋላ አቈይቼዋለሁ።

ከሻጋታው እንጀምር። ሻጋታ እንደ እኛው አየር ይሻል፤ መደርደሪያ ላይ ያለ ዳቦ ደግሞ ዙሪያውን አየር ነው። ቆጮው ሲዘጋጅ ግን እንሰቱ ይፋቃል፤ አሚቾውም ይደቃል፤ ሁለቱ ተቀላቅለው በእንሰት ቅጠል ይጠቀለሉና ቅጠል ወደ ተነጠፈበት ጕድጓድ ይገባሉ። ከላይ ድንጋይ ይጫናል። ድንጋዩ በመካከል የቀረውን አየር ገፍቶ ያስወጣዋል፤ ሻጋታም እዚያ መኖሪያ ያጣል።

አየር ሲጠፋ የሚበረቱ ሌሎች ፍጥረታት አሉ፤ እነዚህም በዐይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። በእንሰቱ ውስጥ ያለውን ስኳር እየተመገቡ ላክቲክ አሲድ የተባለውን ኮምጣጣ ነገር ያወጣሉ። እርጎን የሚያኮመጥጠውም ይኸው አሲድ ነው። የወተት መኮምጠጥ የሕያዋን ፍጥረታት ሥራ መሆኑን ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በ1857 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ገልጾ ነበር። የአገራችን ተመራማሪ ብርሃኑ ጋሼ ደግሞ በዚያው አቈጣጠር በ1987 ባሳተሙት ጥናት የቆጮን መኮምጠጥ ራሱን መርምረዋል። ነገሩ እንደ ዘብ ለውጥ ነው። መጀመሪያ ሊዮኮኖስቶክ የተባሉት ባክቴሪያዎች ሥራውን ይጀምራሉ፤ ኮምጣጣነቱ ሲበረታባቸው ይደክሙና ላክቶባሲለስ የተባሉት ይተኳቸዋል። በመጨረሻ የአሲድነቱ ልክ በኬሚስቶች መለኪያ በፒ ኤች ወደ 4 ይጠጋል። አብዛኞቹ አበስባሽ ባክቴሪያዎች በእንዲህ ያለ ኮምጣጣ ውስጥ መራባት አይችሉም።

ይህን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ከቆጮው ጥቂት ውሃ ጨምቃችሁ ለኬክ በሚገባው ቢካርቦኔት ላይ አንጠባጥቡት። አረፋ ካወጣ አሲዱ አለ ማለት ነው።

ጠያቂያችን እናቱ በየጊዜው ጕድጓዱን ከፍታ ቅጠሉን ስትለውጥ፣ ቆጮውንም ስታገላብጥ አይቶ ይሆናል። በጕድጓዱ ውስጥ የማይፈለጉ ባክቴሪያዎች ከበረቱ ሽታው ይከፋልና፣ ባለሙያዋ በአፍንጫዋ ብቻ ጊዜውን ታውቃለች። እኔ ተማሪዎቼን ቴርሞሜትር ሳይሰብሩ እንዲያነቡ ለማስተማር አንድ መንፈቅ ይፈጅብኛል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። «አጎቴ ቢላዋውን ለጎረቤት አውሶ ነበር። ቢላዋው ከተመለሰ በኋላ ሦስት እንሰቶች ጠወለጉ። ሰዎች የሰው ዐይን ነው ይላሉ። እውነት ነውን?»

ወንድሜ፣ ዐይን አይደለም። እንደ ጻፍከው ከሆነ እጅግ የሚያጠራጥረው አጠውልግ የተባለው የእንሰት በሽታ ነው። መነሻው እንደ ጕድጓዱ ሠራተኞች ባክቴሪያ ነው፤ ይህኛው ግን ሕያው ተክል የሚገድል ነው። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1968 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ምንነቱን ለይተው አሳወቁ፤ በ1974 ደግሞ ሙዝንም እንደሚይዝ ጻፉ። በ2001 ኡጋንዳ ውስጥ በሙዝ ላይ ታይቶ ብዙ እርሻ አጥፍቷል።

በሽታው ከሚተላለፍባቸው መንገዶች ዋነኛው ቢላዋ ነው። የታመመው እንሰት ሲቈረጥ ባክቴሪያው የሞላበት ፈሳሽ ስለቱ ላይ ይቀራል፤ በዚያው ስለት ጤነኛው ሲነካ ቍስሉ በር ይሆናል። ጎረቤትህን ግን አትቀየመው፤ የራሱ እንሰት መታመሙን ላያውቅ ይችላል። ደግሞም በታመመ ችግኝ፣ የታመመውን በበሉ ከብቶችም ሊመጣ ይችላል።

አንድ እንሰት ለመድረስ እንደ አገሩ ብርድና ሙቀት ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጅበታል። ሦስት እንሰት ጠወለገ ማለት የቤተ ሰቡ የወደፊት ቀለብ ተነካ ማለት ነውና፣ «የሰው ዐይን ነው» ብሎ ዝም ማለት ሌሎቹንም ማስጨረስ ነው።

የሚፈውስ መድኃኒት የለም። ማዝያ የተባለው ዝርያ ከሌሎች ይልቅ ይታገሣል፤ ፈጽሞ የማይያዝ ግን አልተገኘም። የቀረን ጥንቃቄ ነው። የታመመው ከነሥሩ ተነቅሎ ርቆ ይቀበር። ቅጠሉ ለከብት አይሰጥ፤ ችግኝም ከዚያ ማሳ አይወሰድ።

ዛሬ ማታ ለአጎትህ ይህን ንገረው። ከጠወለጉት የአንዱን ቅጠል ግንድ ቈርጦ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቅ። ከቍርጡ ላይ ቢጫነት ያለው ወፍራም ፈሳሽ ጠብ ካለ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ የቀበሌውንም የግብርና ባለሙያ ይጥራ። ቢላዋውን ግን ባለሙያው እስኪመጣ ሳይጠብቅ፣ ሌላ እንሰት ሳይነካበት፣ ስለቱ በደንብ እስኪግል ድረስ እሳት ላይ ይያዘው፤ ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ባለፈ ቍጥርም እንደዚያው ያድርግ።